ጤነኛ እግር ላይ ያሰርኩት ፋሻ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ባለፈው ፍልሰታ ንስሐ አባታችን ፊት ተንበርክኬ ነገሩ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን «በጾም ወተት ቀምሻለሁ» ብዬ ሌላ ኃጢአት አስቀደምኩበት። ወተቱንም አልቀመስኩም። እንግዲህ፣ የማላውቅዎ አንባቢዬ፣ ኑዛዜ ላይ እንኳ የዋሸች ልጅ ናት የምትጽፍልዎ፤ ይህን አውቀው ያንብቡኝ።

ጓደኛዬ ዘሃራ ልትሞት መሆኑን እያወቅሁ «ታስመስላለች» አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከአንድ መስመር አያልፍም። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ይህችን መስመር ለማሳነስ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ መጻፍ ከለመድኩ ወዲህ ነገር ማሳመርም ለምጃለሁና።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ በግንቦት። ሸዋ ሮቢትን በግንቦት ለማያውቅ ሰው ምን ልበለው? ከደብረ ሲና በጋቢ ተጀቡኖ የተሳፈረ ሰው እኛ ጋ ሲወርድ ጋቢውን ብቻ ሳይሆን ቆዳውንም ማውለቅ ያምረዋል።

የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ከደብረ ሲና በሚያወርደው ቁልቁለት መኪና ፍሬን እየበጠሰ ስለሚወርድ ለተጎዳ ሰው የሚደርስ ይኑር ተባለና የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሼ ታፈሰ ያስተምሩን ጀመር። ጥሩ አስተማሪ ነበሩ። «እርዳታ በወሬ አይገባም» ይሉና አንዳችንን ቁስለኛ ያደርጋሉ፤ ሌሎቻችን እንሯሯጣለን። ቁስለኛ መሆን የሁላችንም ምኞት ነበር። ቃሬዛ ላይ ተንጋሎ በአራት ጎረምሳ መሸከም ማን ይጠላል? በዚህ ደግሞ እኔን የሚያህል አልነበረም። ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ዓይኔን እገለብጣለሁ፤ አንዴማ አንዲት መንገደኛ አይታኝ እሪ ብላለች።

ከአውራጃ እንግዶች መጥተው ሊያዩን ነው ሲባል ግን ጋሼ ታፈሰ ቁስለኛዋን ቀየሩ። «አንቺ ቃሬዛ ላይ ትስቂያለሽ። ዘሃራ ትተኛለች። አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው፣ ረጂ ሁኚ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እስቃለሁ። አፌ «እሺ ጋሼ» አለ። ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ዘሃራ ከክፍላችን አፈ ፈጣኗ ነበረች። አስተማሪው ጠይቆ ሳይጨርስ ትመልሳለች፤ ወንዶቹ ሊተርቧት ሲሞክሩ አንዲት ቃል ወርውራ ዝም ታሰኛቸዋለች። አባቷ ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ፓፓያ ያለማሉ። ወሩ ረመዳን ነበር። በዝግጅቱ ቀን ጠዋት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ አየሁና መጾሟን አወቅሁ።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። «የቀበሌው ካድሬ ከሰማ ኋላ ቀር ብሎ ስብሰባ ላይ ያቆመኛል።»

«ውሃ ሳትጠጪ እዚያ ፀሐይ ላይ ልትውይ?»

«መተኛት አይደል እንዴ ሥራዬ? ተኝቶ የደከመው ማን አለ» ብላ ሳቀች።

መኪና ተገልብጦ እግሯ የተሰበረ ልጅ ሆና የቀበሌው ሜዳ መሃል ተኛች። የምንማርበት መጽሐፍ የተጎዳ ሰው እንዳይበርደው ሸፍኑት ይላል፤ እኔም ግራጫ ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ አለበስኳት፣ ጠርዙንም ከሥሯ ወሸቅሁ። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሲጽፍ በርዶት መሆን አለበት። በሮቢት ቀትር ብርድ ልብስ! ያኔ ግን ማናችንም አልሳቅንም፤ መጽሐፉ ብሏላ።

እንግዶቹ ዘገዩ። አሁን ደረሱ፣ አሁን ደረሱ እየተባለ ካድሬው ማንም ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል አዘዘ። እኛ ረጂዎቹ በሜዳው ዳር የግድግዳ ጥላ ሥር ነበርን። እሷ ፀሐዩ ላይ። አንድ ጊዜ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አውለበለበችልኝ፤ እኔም አውለበለብኩላት። ከዚያ በኋላ እጇ አልወጣም። አልወጣም፣ እኔም አይቻለሁ።

መኪናቸው መጣ። እንግዶቹ ማንጎው ሥር፣ ውሃ በጆግ የተደረደረበት ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። ፊሽካ ተነፋ፤ ሮጥኩ፤ ተንበረከኩ።

አሁን ቀስ ብዬ ልጻፈው። እጄን ግንባሯ ላይ አደረግሁ። ቀትር ላይ ደጅ የዋለ ዶማ ነክተው ያውቃሉ? እንደዚያ ነበረች። ደረቅ። አንዲት ጠብታ ላብ የላትም። ጋሼ ታፈሰ ሰሌዳው ላይ ጽፈውልናል፤ ፀሐይ የመታው ሰው ላቡ ቆሞ ቆዳው ከጋለ፣ መቀባጠር ከጀመረ፣ ምንም አትጠብቁ፤ ልብሱን ገፍፋችሁ ውሃ ድፉበት። ፈተና ላይ ይህን ጥያቄ አሟልቼ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ዘሃራ ዓይኗን ሳትገልጥ አጉረመረመች። ፍየሏን አስገቢያት፣ ፍየሏ ሽንኩርቱን ጨረሰችው የምትል መሰለኝ። ከእንግዶቹ አንዱ ስቆ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እንዴት ያለች ጎበዝ ናት ሲሉ ሰማሁ። እሷን ነው። እኔን አይደለም።

ጋሼ ታፈሰ ከዳር ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «አስካለ፣ ልጅቷ ደህና ናት?»

«ታስመስላለች፣ ጋሼ» አልኩ።

ለምን አልኩ? አላወቅሁም ነበር ልበል? እጄ ነግሮኛል። የጾሟን ምስጢር ጠብቄ ነው ልበል? ይህን ሰበብ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ያምራልም፤ ግን ውሸት ነው። «ውሃ አምጡ» ለማለት ጾሟን ማንሳት ምን ያስፈልጋል? ካድሬውን ፈርቼ ነው? እኔ የፈራሁት ጭብጨባው ለእሷ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ፋሻው በእጄ ነበር፣ ተራው የእኔ ነበር፣ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ለስብራት መደገፊያ ያዘጋጀናቸውን ሸምበቆዎች ግራና ቀኝ አድርጌ ጤነኛውን እግሯን ማሰር ጀመርኩ። እያንዳንዱን ዙር አስተካከልኩ። እግሯ እጄ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ምን አደረግሁ? ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፣ ፋሻው እንዳይበላሽብኝ።

ቋጠሮው በጣም ያምር ነበር።

ቃሬዛው ሲነሳ ከአፏ አረፋ ወጣ። ያኔ ጮህኩ። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ፣ የእንግዶቹን ጆግ ነጥቄ ደፋሁባት፣ ሌላውንም ደገምኩ፣ ልብሷን በጥርሴ ቀደድኩ። ጋሼ ታፈሰ ደርሰው አቀፏትና ከሜዳው ጀርባ ወዳለው የመስኖ ቦይ ሮጡ፤ ራሷን ደግፈን ውሃው ውስጥ ነከርናት። ከዚያ በእንግዶቹ መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደች።

ሰው ያየው ይህን ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ «ንቁ ወጣት» ተብዬ ቀለም የሚሞላ ብዕር ተሸለምኩ። ይህን የምጽፍልዎ በእሱ ነው፤ ጥሩ ይጽፋል።

ጋሼ ታፈሰ ግን ልጅ ፀሐይ ላይ አስተኝተው ረሱ ተብለው ተወቀሱ፤ ወደ ሌላ አውራጃም ተዛወሩ። ‹አስካለን ጠይቄ ታስመስላለች አለችኝ› ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። አውቶቡስ ሲጠብቁ አግኝቻቸው ሻንጣቸውን ልያዝልዎ አልኳቸው። ሻንጣውን ሳይሰጡኝ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን ግንባሯን ነክተሽ ነበር፣ ልጄ?»

«አልነካሁም፣ ጋሼ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው። መጀመሪያ ግንባር ንኩ ብዬ በደንብ አላስተማርኳችሁም» ብለው ተሳፈሩ።

ዘሃራ ዳነች ይላሉ። ስትራመድ መሬቱ ከሥሯ የሚሸሽ ይመስል ትንገዳገዳለች። ያ ምላሷ ከብዷል፤ አንድ ቃል እስክታወጣ የጠየቃት ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል። ትምህርቷን ተወች። ወንዶቹም አሁን አይተርቧትም፤ ከሁሉ የሚከፋኝ ይህ ነው። እናቷ እትዬ ፋጡማ ፓፓያው ሲደርስ መጀመሪያ የበሰለውን ለእኔ ያመጣሉ። «ልጄን የመለስሽልኝ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው» ይሉኛል። ተቀብዬ እበላለሁ። ጣፋጭ ነው።

ሰሞኑን የአዲሱን ቡድን ልጆች የማስተምረው እኔ እንድሆን ተመረጥኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽዎትም፤ እየዘለልኩ ነው ለዘሃራ ልነግራት የሄድኩት። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትለይ ነበር። ስነግራት ፈገግ አለች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተች ተናገረች፤ እኔ በአንድ ትንፋሽ እጽፈዋለሁ፣ እሷ ግን ብዙ ደከመችበት።

«ከዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል። እጅሽ። ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ነበር። አስካለ መጣች፣ በቃ ተረፍኩ አልኩ።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሽንኩርቱን አብሬያት ስለይ አመሸሁ፤ የበሰበሰውንና ደህናውን ግን አምታታሁት።

ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም። ይቅርታው የእርስዎ አይደለም፣ ለእኔም የሚገባ አልመሰለኝም። ይህን ወረቀት ነገ ይዤ እሄዳለሁ፤ ለዘሃራ ቀስ ብዬ አነብላታለሁ፣ እናቷም ይሰማሉ። ፓፓያውም ይቅርብኝ። ከዚያ በኋላ አስተምሪ ካሉኝ፣ ለልጆቹ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ይሆናል።

ጋሼ ታፈሰ የት እንዳሉ አላውቅም። ምናልባት ይህ አንድ ቀን እጅዎ ይገባ እንደሆነ፣ ጋሼ፣ እርስዎ በደንብ አስተምረውናል። ግንባሯን ነክቻለሁ።