በበሬው ገንዳ የታጠብሁ ዕለት

በሬዬን ያረድሁት ራቁቴን ሆኜ፣ አበባ አበባ እየሸተትሁ ነው። ሰው አሳጥሮ ሲያወራው ያስቃል። እኔ ከሥሩ ልናገረው።

ነገሩ የመጣው በወገቤ ነው። ዕድሜ ልኬን ሞፈር ላይ ጎብጬ ኖሬ፣ ግንቦት ሊያልቅ እርሻ ሲደርስ ግድግዳ ካልያዝሁ ከመደቡ መነሣት አቃተኝ። ከአረብ አገር የመጣችው ልጄ ይህን አየችና ከሻንጣዋ አንድ ጠርሙስ አወጣች። ጽሑፉ አረብኛ ነው። ሥዕሉ ሐምራዊ አበባ ነው።

«ሙቅ ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ ውስጡ መዘፍዘፍ ነው፣ አባ» አለችኝ። «እመቤቴ ደክሟት ስትገባ ይህን ነበር የማዘጋጅላት። ስትወጣ እንደ ሕፃን ትተኛለች።»

«አንቺስ ሲደክምሽ?»

«እኔማ ገንዳውን አጥባለሁ።»

ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት ከበደኝ።

ሰው የሚችል ገንዳ በቤታችን አንድ ብቻ ነው፤ በርሜል በቁመቱ ተሰንጥቆ የተሠራ፣ በሬዬ የሚጠጣበት። ያለው ጓሮ ነው። በሬው እዚያው አጠገቡ ግንድ ላይ ይታሰራል። ከወዲያ በኩል ካቡ ላይ የንብ ቀፎዎቼ ተጋድመዋል። በሬዬ አንድ ነው። ጎረቤቴም ያለው አንድ ነው። ሁለቱን አቀናጅተን ተራ በተራ እናርሳለን። የኔ ከወደቀ የሱም ቆሞ ይውላል፣ ሁለታችንም መሬታችን ጦም ያድራል። እርሻ የምንጀምረው በማግስቱ ነበር።

በኛ አገር ሽቶ የተቀባ ሰው ቀፎ አጠገብ አይሄድም። ማር የሚቆርጥ በሳሙና እንኳ አይታጠብም። ሚስቴ ውሃውን እያሞቀች ይህንኑ አነሣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ንቡን ረሳኸው?»

«ንብ የሚጠላው ሽቶ ነው። ይህ አበባ ነው። ንብ አበባ ይጠላል ሲባል ሰምተሻል?»

«በጠርሙስ የበቀለ አበባ እኔ አላውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬ እወቂ» ብያት ልብሴን አወለቅሁ።

እውነት እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ነገር ነው። አረፋው እስከ አገጬ መጣ። ሙቀቱ በጀርባዬ ገብቶ አጥንቴን አንድ በአንድ ሲፈታው ተሰማኝ። በሬው አንገቱን አስግጎ አሸተተና አስነጠሰው። ልጄ ከጓዳ በር ሆና «እንዴት ነው፣ አባ?» አለች። «ዝም በይ፣ ልተኛ ነው» አልኋት።

መጀመሪያ አንዷ መጥታ ቅንድቤን ነደፈችኝ። በመዳፌ ጨፈለቅኋት። የባሰው መጨፍለቄ ነው፤ አንድ ንብ ከገደልህ ሌላው ይሸተዋል። ግንቦት ደግሞ አበባ የለም፣ ንቡ የተራበ ነው። ካቡ ጮኸ። ቀና ስል ከቀፎዎቹ አፍ እንደ ጥቁር ጢስ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ፊቴ ላይ ፍም የደፉብኝ ያህል ሆነ። ከንፈሬ፣ የዓይኔ ቆብ፣ የጆሮዬ ውስጥ። ውሃው ውስጥ ራሴን ደፈቅሁት። ትንፋሽ አጥሮኝ ስወጣ እዚያው ቆመው ይጠብቁኛል።

በሬው ሲያገሳ ሰማሁ። ጥቂቶቹ አፍንጫው ውስጥ ገብተዋል። ገመዱን እየጎተተ ግንዱን ይገጫል፣ ከቀንዱ ሥር ደም ይወርዳል።

«ቤት ግባ!» ትላለች ሚስቴ።

አልገባሁም። ማጭዱን ከካቡ ሥር መንጭቄ፣ አረፋዬን እንደ ለበስሁ በሬው ላይ ተጠመጠምሁ። በአንድ እጄ አንገቱን አቅፌ በአንዱ ገመዱን ከረከርሁት። ሲበጠስ በቀንዱ ብብቴ ሥር ገብቶ ወረወረኝ። የጎድን አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። እሱ ካቡን ጥሶ ሄደ፣ ንቡም እኔን ትቶ ተከተለው። ተመስገን፣ አመለጠ አልሁ። ወዲያው ከእርከኑ በታች ድንጋይ ሲንከባለልና ዱብ ሲል ሰማን።

ሚስቴ ኩበት አቀጣጥላ በጢሱ ውስጥ ወረደች። ልጄ ብርድ ልብስ ጣለችብኝና እሷም አንገቷን እየተነደፈች ደገፈችኝ። በሬው የፊት እግሩ ተሰብሮ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጥቷል። ዓይኖቹ አብጠው ተደፍነዋል። ለመነሣት ይታገላል፣ በተነሣ ቁጥር ስብራቱ ድንጋዩን ይወጋል።

ጎረቤቴ እየሮጠ ደረሰ። ሲናደድ አማርኛው ይጠፋበታል፤ በአገው ቋንቋው፣ በኽምጣና፣ ሰድቦኝ ሰድቦኝ ሲበቃው አሸተተ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«እኔ ነኝ።»

ቢላውን ከአፎቱ አወጣ።

«ዓይንህ አብጧል። እኔ ልረደው።»

«በሬው የኔ ነው» ብዬ ቢላውን ተቀበልሁት።

ሳይባረክ ከሞተ ጥንብ ነው፣ ማንም አይቀምሰውም። ጎረቤቴ ቀንዱን ጠምዝዞ አንገቱን ወደ ምሥራቅ መለሰልኝ፣ እኔ «በስመ አብ» ብዬ ቢላውን ጉሮሮው ላይ ሳብሁት። ቢላው አንድ ጊዜ አልበቃውም። ደሙ ደረቴ ላይ ተረጨ፣ ብርድ ልብሱም ወደቀ። በጤናው እግር ሦስት ቦታ ረገጠኝ። እስኪጨርስ ድረስ አልለቀቅሁትም።

ስንገፍፈው ነው ያየሁት። የንቡ እሾህ አንገቱ ላይ እንደ ጤፍ ተዘርቷል፤ ልክ ክንዴ ባረፈበት፣ አረፋው በነካው ቦታ ዙሪያውን። ከዚያ ውጭ እዚህም እዚያም ነው። ጎረቤቴም አየው። ቆዳውን ጠቅልሎ አስቀመጠው። ሥጋውን ሰፈሩ ተከፋፈለው።

ልጄ «ቀፎዎቹ ይቃጠሉ» ብላ አለቀሰች። «ንቡ ምን አደረገ?» አልኋት። ጠርሙሱን ልትሰብረው ስትል ከእጇ ቀማሁና ቆጡ ላይ አስቀመጥሁት።

በማግስቱ ጎረቤቴ በሬውን ነድቶ በራችን ላይ ቆመ።

«አህያህን አምጣ።»

«በሬ ከአህያ ጋር?»

«ካንተ ጋር ልጠምደው ነበር። ቀንድ የለህም።»

አህያዋ ታጥራለች፣ ቀንበሩ ወደሷ ያዘነብላል። በሬው ንቆ ይጎትታታል፣ ጎረቤቴ ከፊት እየመራ በልምጭ ይመታታል። ትልሙ እንደ እባብ ተጣመመ። የጎድን አጥንቴን ሚስቴ በነጠላ አጥብቃ አስራልኝ፣ ዓይኔ በግማሽ ተገልጦ፣ ሞፈሩን ጨብጬ ከኋላ ተከተልሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ ውሃ ይዛ መጣች።

«ወገብዎስ፣ አባ?»

ገና ያኔ አስታወስሁት። ከጧት ጀምሬ ቀጥ ብዬ ነበር የምሄደው።

«ዝም በይ» አልኋት፣ «እናትሽ ትሰማለች።»