«እንዳለ አምጪልኝ»

አጎቴ አርባ ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤት ቁጭ ብሎ የሰው ፊት ሲያድስ ኖሯል። በሙያቸው ሪታች ይሉታል፤ ፊልሙ ላይ በቀጭን ብሩሽና በእርሳስ ብጉር ማጥፋት፣ ጠባሳ መድፈን፣ የተኮሳተረ ግንባር ማፍታታት። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ያማረው በእሱ እጅ ነው። እኔም የተማሪ ቤት ፎቶዬ ላይ ያለችውን ልጅ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም።

አምና ግራ ዓይኑ ጠፋ። ቀኙ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካገኘ እንደሚተርፍ ሐኪሙ ነገረን፤ ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ነበር። ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር ቢባል የድሮ ካሜራው ብቻ ናት። ጥቁር ቀለሟ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጦ ናሱ የሚታይ፣ ግንባሯ ላይ የማናውቀው የውጭ ሰው ስም የተቀረጸባት፣ ከሟች አሠሪው ያገኛት ናት።

አንድ የድሮ ካሜራ ሰብሳቢ እንዳለ ሰምቼ ደወልኩ። ፎቶዋን ላኪ ቢለኝ፣ የፎቶ አንሺ ዘመድ ሆኜ የስልኬ ካሜራ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። ግንባሯ ላይ ያለውን ፊደል አንድ በአንድ አነበብኩለት። የጠራው ዋጋ ለአጎቴ ዓይን በቅቶ ይተርፋል። «በሳምንቱ እመጣለሁ። እንዳለ አምጪልኝ» አለ።

እንዳለ ማለት ሙሉውን፣ ምንም ሳይጎድል ማለት አይደል? እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ። ለአጎቴም «እንዳለ ነው የሚፈልገው፤ ከነማኅደሩ፣ ከነክዳኑ» አልኩት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? የሌንሱን ክዳን ፍለጋ ሦስት ቀን አልጋ ሥር ተንበርክኬ ከረምኩ።

ገዢው በሚመጣበት ጠዋት አጎቴ ካሜራዋን በጨርቅ ጠቅልሎ አወጣት። አዲስ የተጠረገ ጫማ መስላለች። ስሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፍቆ አጥፍቶ፣ በላዩም በተላጠው ጠርዟም ላይ ጥቁር ቀለም ቀብቷል። በአንድ ዓይን፣ በዳበሳ፣ ሳምንት ሙሉ።

«አየሽ፣ እጄ ገና አልሞተም» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሙሽራ አስመሰልካት» አልኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ገዢው ጨርቁን ገልጦ እጁን ሰበሰበ። «ስሙ የት ሄደ?»

«ሪታች አደረግኩት» አለ አጎቴ ኮራ ብሎ። «የሌላ ሰው ስም ያለበት ዕቃ የተሰረቀ ይመስላል።»

«አባቴ፣ እኔ የምገዛው እኮ ስሙንና የተላጠ ቀለሟን ነበር። እንደሷ ያለ ካሜራ ሞልቷል።» ወደ እኔ ዞረ። «እንዳለ አላልኩሽም?»

«እንዳለ ነዋ፤ ይኸው ማኅደሩ፣ ይኸው ክዳ...» ያኔ ገባኝ። ክዳኑ እጄ ላይ ቀረ።

ክፉ ሰው አይደለም። ስሙ እንደነበረባት የሚያሳይ የድሮ ፎቶ ካለን ግማሹን እንደሚከፍል ነገረን። አጎቴ እንደ ወጣት ተነስቶ ከግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አወረደ። ሃያ አምስት ዓመቱ ላይ፣ ካሜራዋን ደረቱ ላይ ይዞ የተነሳው ነው። ሰውዬው መስኮቱ ጋ ወስዶ በማጉያ መነጽር መረመረውና ቀስ ብሎ አስቀመጠው። የካሜራዋ ግንባር ልሙጥ ነው፤ አንድ ፊደል የለበትም።

«ለካ ያኔም ፊልሙ ላይ አጥፍቼዋለሁ» አለ አጎቴ። «የሰው ዕቃ ይዞ ተነሳ እንዳይሉኝ ብዬ።»

ገዢው ማኅደሩንና ክዳኑን ብቻ ገዝቶ ሄደ። ገንዘቡ ለዓይን ጠብታ እንኳ በቅጡ አልበቃም።

አሁን ቀኙም ሄዷል። ጎረቤት መጥቶ «ካሜራዋስ?» ሲለው «በገዛ እጄ አበላሸኋት፤ ድሮም ችኩል ነኝ» ይላል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ስሜን አያነሳም። «እንዳለ ብሎሽ ሳለ አንቺ ነሽ ያጠፋሽኝ» ብሎ አንድ ቀን ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።