እማማ ጫልቱ ያልደፉት ወተት

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ይሆን? ይሁን። የባሌን እናት በሐሰት አስወቅሻለሁ። እማማ ጫልቱ በገዛ የልጅ ልጃቸው ፊት እንዲሸማቀቁ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የምንኖረው ቡራዩ ነው፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤት። ልጄን ሲፈንን ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ገንፎና አጥሚት እያፈራረቁ፣ «ጠጪ ኢንተላ ኮ፣ ጡት በባዶ ሆድ አይመጣም» ይሉኛል፤ ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። በልጅነት የማላውቀውን መቀማጠል በእሳቸው እጅ አየሁት። በምላሹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ እንደ አገሩ ወግ ሕፃኗን ትንሽ ቅቤ ላቅምሳት አሉ። ሐኪም ከልክሏል አልኳቸው። «እንግዲያው ይቅር» አሉ። ቀረ፤ ደግመው አላነሱትም።

ልጄ አራተኛ ወሯን ስትይዝ መርካቶ ወደነበረው የልብስ ስፌት ሥራዬ ተመለስኩ። መጀመሪያ ላይ ወተቴን አልቤ በጡጦ ትቼላት እሄድ ነበር። ከዚያ ወተቴ ቀነሰ። ለጠዋትና ለማታ ይበቃታል፣ ለቀኑ ግን ጠብታ ብቻ። የዱቄት ወተት ገዛሁ። ምን ነውር አለው? ከጡትም ከጡጦም እያፈራረቀ ያደገ ስንት ልጅ አለ! ነውሩ መደበቄ ነው። እማማ ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ ምራት ጡት ምንጭ ነው» ብለው አውርተውልኛል፤ ሙገሳው ደግሞ ጣፍጦኛል። ጣሳውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከሹራቦቼ ሥር ሸጎጥኩት። ጠዋት ጠዋት በሬን ዘግቼ እበጠብጥና «ያለብኩት ነው» ብዬ እሰጣቸዋለሁ።

ከተበጠበጠው ዱቄት የተረፈ እንደሚደፋ አውቅ ነበር፤ ጣሳው ላይ ተጽፏል። እሳቸው ግን የእናት ወተት ነው ብለው ስላመኑ ጠብታ አይደፉም። ልጅቷ የተወችውን ከድነው ያስቀምጡና ከሰዓት መልሰው ያጠጧታል። «የእናት ወተት እንዴት ይደፋል? ግፍ አይሆንም?» ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ጣሳውን ወደ ሹራቦቼ ሥር መለስኩ።

አንድ ሐሙስ ስመለስ ሲፈን ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ውሎ ዓይኗ ጎድጉዶ አገኘኋት። ከባሌ ከጉታና ከእማማ ጋር ጤና ጣቢያ ሮጥን። ነርሷ ምን እንደተሰጣት ጠየቀች። «የእናቷን ወተት ብቻ፣ በማርያም» አሉ እማማ። ነርሷ ቅቤ የተቀቡትን ፀጉራቸውን አየችና ወደ እኔ ዞረች፤ «ቅቤ አልቀመሰችም?»

አፌን ከፈትኩ። ጣሳው ትዝ አለኝ፣ ባሌ አጠገቤ ቆሟል። «እኔ ሥራ ነው የምውለው፤ ላቅምሳት ብለውኝ ግን ነበር» አልኩ። ተመልከቱልኝ፣ ከቃሌ አንዱም ውሸት አይደለም። እኔ ግን ዋሽቻለሁ፣ ያውም ልጄ እየተሰቃየች፣ ለሐኪም ዋሽቻለሁ።

ጉታ እናቱ ላይ ጮኸ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ እንጂ አልተከራከሩም።

ሲፈን በሦስተኛው ቀን ዳነች። ጡጦውን ግን እማማ ዳግመኛ አልያዙም፤ በጡጦ የምታጠጣት ጎረቤታችን ሆነች። ልጄን ያዝሏታል፣ ያጥቧታል፣ ይዘፍኑላታል፤ አፏ ላይ ግን ምንም አያኖሩም። ጥርስ አወጣች፣ ሮጠች፣ አምስት ዓመት ሞላት። ዳቦ ስትጠይቃቸው እንኳ «እናትሽን ጠይቂ» ነው መልሳቸው። እኔስ? ያለፈ ነገር ምን ያነሳዋል እያልኩ ተኛሁ። ያለፈ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ባለፈው እሑድ አንድ ገበታ ቀርበን ሲፈን አፏን ከፈተች፤ «አኮ፣ አጉርሺኝ!» አያቷን አኮ ነው የምትላቸው። እማማ ሳያስቡት ጠቀለሉ። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። እኔን አዩ። ባሌን ወልደው፣ እኔን አርሰው፣ የልጅ ልጃቸውን ለማጉረስ የእኔን ፊት አዩ።

«ያጉርሷት እንጂ እማማ» አልኩ።

አጎረሷት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ማንም ሳይሰማ፣ «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ።

አመሰገኑኝ። እኔን!

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ዛሬ ጉታ ከሥራ ሲገባ፣ እሳቸው ባሉበት፣ ስለ ጣሳው እናገራለሁ። ቢቆጡኝ እችለዋለሁ። የምፈራው ሳይቆጡኝ የቀሩ እንደሆነ ነው፤ ደግሞም እንደማይቆጡኝ አውቃለሁ።