የጋሼ ዓሊ ድንጋይ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን የብርቄን ባልዲ ከነገመዱ ጉድጓድ ውስጥ ለቀቅኩት። የቧንቧ ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው፤ የሮቢት ፀሐይም ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። «አንቺ አረፍ በይ፣ እኔ እቀዳልሻለሁ» ብዬ ተጎማለልኩና የገመዱን ጫፍ ማሰር ረሳሁ።

«ጋሼ፣ ጫፉን ሳያስሩት ነው እንዴ?» አለች፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና።

ይህንኑ ጥፋት በወጣትነቴም ሠርቼዋለሁ። ያኔ ግን ጉድጓዱ ቀይ ባሕር ነበር።

ያኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። የእርሻችን ማሾ ተለቅሞ ሳያልቅ ሽንኩርት በጫነ መኪና አናት ላይ ወጥቼ፣ በካራቆሬ በባቲ አድርጌ፣ በረሃው ፊቴን ልጦት፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትኩ አሰብ ገባሁ። ጋሼ ዓሊ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ጀልባቸው ላይ ሥራ ሰጡኝ።

ሽማግሌው ድንጋይ በረጅም ገመድ አስረው ወደ ባሕሩ ይለቃሉ። ድንጋዩ ቶሎ መሬት ከነካ «ከባሕሩ ሥር ያለው ተራራ እዚህ ነው» ይላሉ። ውኃው ከተራራው ሲጋጭ ከጥልቁ ምግብ ይዞ ይወጣል አሉኝ፤ ትንሹ ዓሣ ለምግቡ፣ ትልቁ ለትንሹ፣ ሻርኩ ለሁሉም ይመጣል። ቋጥኙ ላይ ደግሞ እንደ ቁልቋል ቅርንጫፍ ያወጣ፣ ነፍስ ያለው ነገር ይበቅላል። ግርግሩን የአጣዬ ገበያ በሉት!

እኔ የይፋት ልጅ ተራራ ሲነሳ ዝም ልል? «ጋሼ ዓሊ፣ ተራራ ማለት እኮ ዝንጀሮ የሚቀመጥበት ነው» አልኳቸው።

«ዝንጀሮውማ ጀልባዬ ላይ ተቀምጧል» አሉኝ።

ተናድጄ ገመዱን ነጠቅኳቸው። ተራራ እንደሌለ ላሳያቸው ለቀቅኩ፣ ለቀቅኩ፣ ጫፉ ከጣቶቼ ሾልኮ ሄደ። ያ ድንጋይ ከአባታቸው የወረሱት፣ ወገቡ ለገመድ የተፈለፈለ ነበር። ያለ እሱ ተራራውን ስንፈልግ ውለን በባዶ ጀልባ ተመለስን። ልጆቻቸው ዘንቢል ይዘው ዳር ላይ ይጠብቁን ነበር። የልጆቹ እናት ዘንቢሉን አጠፈችው።

ጋሼ ዓሊ አልተቆጡኝም። የቀረቻቸውን ቂጣ ለሁለት ገምሰው ሰጡኝና «ዝንጀሮ የሚቀመጥበት ተራራ አለ ብለሃል፤ ከእሱ አንድ ድንጋይ አምጣልኝ» አሉ።

አገሬ ገብቼ ድንጋዩን መረጥኩ፤ ወገቡንም ፈለፈልኩ። ነገ እሄዳለሁ ስል፣ እግሬ ሌላ ሌላ ቦታ ሲዞር፣ ጭራሽ አሰብ ከድንበር ማዶ ቀረና መንገዱ ተዘጋ።

ይህን ሳስብ ብርቄ ባልዲውን የምናወጣበት ሜንጦ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ወደ ታች እንዲሰምጥልን ያቺን ደጅዎ ላይ ያለችውን ወገቧ የተፈለፈለ ድንጋይ እንሰርበት።»

«እሷ የሰው ናት» አልኳት።

ሌላ ፍለጋ ብድግ ስል በዚያችው ተደናቅፌ አውራ ጣቴን ላጥኩት። ጋሼ ዓሊ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። እኔ ግን አንድ ድንጋይ አለብኝ።