አሥር ላይ ያልቆመው ቢዩሬት

ኬሚስትሪ ላስተምር ባሕር ዳር የገባሁ ዕለት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ በፒፔት፣ በቀጭኑ የመስታወት መሳቢያ፣ አሲድ ስስብ አንዱ ከኋላ "ቲቸር፣ በረደሽ እንዴ?" አለና ክፍሉ በሳቅ አወካ። በባሕር ዳር ሙቀት! እኔስ ላብ ነው ያጠመቀኝ።

ቤተ ሙከራውን፣ እኛ ላብ የምንለውን፣ ያስረከቡኝ መምህር አያሌው ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ጠሩኝ። "ልጄ፣ እጅሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ቢዩሬት ስታነቢ ግን ዓይንሽ ከፈሳሹ ጋር እኩል ይሁን። ከላይም ሆነሽ ካየሽው፣ ከታችም ሆነሽ ካየሽው ይዋሽሻል።" ቁልፉን ሰጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላቡ የእኔ ሆነ፤ ጭንቀቱም አብሮ።

መቼም ከፈሪ የተፈጠርሁ ነኝ። ብርጭቆ ሳይሰበር በልቤ ይሰበራል። ባልደረቦቼ "ዝናቡ ጎጃም ሳይገባ ጃንጥላ የምትዘረጋ" እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ። አሲድ የያዘ ሰው ካልፈራ ማን ሊፈራ ነው?

ክፍላችን ረጃጅም ጠረጴዛዎችና ፈሳሽ በጠብታ የሚያወርዱ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ጥቂት ቢዩሬቶች እንጂ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። መስኮቱ ወደ ጣና ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ፈሳሹ ከሚጠራቀምበት ፍላስክ ሥር የምናነጥፈውን ነጭ ወረቀት ይወስድብናል። ያ ወረቀት ከሌለ አሲዱ ሲያልቅ ፈሳሹ ወደ ሮዝ መዞሩ በደንብ አይለይም። ስለዚህ ጠርዝ ጠርዙን በጠጠር እንጫነዋለን።

እናንዬን ያወቅኋት በፈተና ወረቀቷ ላይ ነው። ከዘጌ የመጣች፣ ሹም አቦ ሰፈር ከአክስቷ ጋር የምትኖር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ሰልፈሪክ አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት ሲደረግ፣ ማለትም አሲዱን ለማብረድ ስንት ቤዝ እንደሚበቃ በጠብታ ሲለካ፣ መልሷ ሁልጊዜ ከትክክለኛው ይርቃል። የሁለቱን ሞላሪቲ፣ የጥንካሬያቸውን ልክ፣ እና መጠን አባዝታ በቀጥታ እኩል ታደርጋቸዋለች።

"እናንዬ፣ ይህ አሲድ የሚሰጠው ስንት ሃይድሮጅን ነው?" አልኋት።

"ሁለት።"

"ታዲያ ሁለት እጅ ያለው ጎረምሳ ሲጣላ፣ አንድ ገላጋይ አንድ እጁን ብቻ ቢይዝለት ጸቡ ይበርዳል?"

ሳቀች። "ኧረ ቲቸር፣ በሌላኛው ይማታል! ሁለት ገላጋይ ያስፈልጋል።"

ከዚያ ወዲህ ቀመር ከመጻፏ በፊት "እጁ ስንት ነው?" እያለች ታጉተመትማለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችበትም።

ርዕሰ መምህራችን የጠሩኝ በዚያው ዓመት ነው። "መምህርት፣ ክፍል ጠቦናል" አሉ። "ላቡን ዴስክ ልናስገባበት ነው። ሱፐርቫይዘር ይመጣሉ። ልጆቹ በትክክል እንደሚሠሩበት ካዩ ይቆያል፤ ካላዩ ከመጪው ዓመት ጀምሮ መማሪያ ክፍል ነው።"

"ልጆቹ ታይትሬሽንን በሥዕል ሊማሩት ነው?" አልሁ።

"ሌላው ትምህርት ቤትስ በምን ይማራል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ በኋላ እህል በአፌ አልዞር አለ። ልጆቹን አለማመድኋቸው፣ ቆጣኋቸው፣ መልሼ አባበልኋቸው። የሱፐርቫይዘሩ ቀን ሲደርስ ጠዋት ገብቼ ፈሳሾቹን ራሴ አዘጋጀሁ። አሲዱ ሃይድሮክሎሪክ ነው፤ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ጋር በሞላሪቲ እኩል አደረግኋቸው። አሥር ሚሊ ሊትር አሲድ አሥር ሚሊ ሊትር ቤዝ ይፈልጋል ማለት ነው። ፍላስኮቹ በመደርደሪያው ላይ ተደፍተው ያበራሉ። እንደዚያ ሲያበሩ አይቻቸው አላውቅም፤ ልጆቹን በልቤ መረቅሁ።

ሱፐርቫይዘሩ ሽበታም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ከፊተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡና እናንዬን "እስቲ አንቺ ሥሪልን" አሏት።

ከመደርደሪያው ባነሣችው ፍላስክ አሥር ሚሊ ሊትር አሲድ ለካች፣ አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆነውን ጠቋሚ ጨመረች፣ ቢዩሬቱን ከፈተች። አሥር ደረሰች፤ ሮዝ የለም። አንድ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ። ምንም። አሥራ አንድን አለፈች። አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ላይ ስትደርስ ፈሳሹ ሮዝ ሆነ።

አጠገቧ ያለው ልጅ "አሥር በያቸው" ብሎ ሲያንሾካሹክ እኔ ድረስ ተሰማ። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናንዬ ቀና ብላ አየችኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሰው ፊት ምን ልበላት?

"አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት" አለች ጮክ ብላ።

"ስንት መሆን ነበረበት?" አሉ ሱፐርቫይዘሩ።

"አሥር።"

"ታዲያ?"

በቃ፣ ዴስኮቹ ሲገቡ ታየኝ። እናንዬ ግን ከመደርደሪያው ሌላ ፍላስክ አንሥታ አሸተተች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ቲቸር... ሎሚው ነው።"

"የምን ሎሚ?"

"ትናንት እንግዳ ይመጣል ስትይ ፍላስኮቹ ከቧንቧው ውኃ ነጭ ነጭ ብለው አየኋቸው። አፈርሁ። ከዘጌ ያመጣሁት ሎሚ ነበረኝ፤ ሁሉንም በሎሚ አሸኋቸው። እኛ ቤት ለእንግዳ ብርጭቆ እንዲህ ነው የሚታጠበው። ውኃው መልሶ ነጭ እንዳያደርጋቸው ብዬ ሳላለቀልቅ ደፋኋቸው።"

ወይ ጉዴ! ውስጡ ሌላ አሲድ ተቀምጦ ቤዙን ሲበላብን ነበር።

"ይህ ወሬ ነው" አሉ ሱፐርቫይዘሩ። "ማስረጃ አለሽ?"

ልጅቱ ያሸተተችውን ፍላስክ አቀረበች። አሲድ አልጨመረችም፤ የተጣራ ውኃና ጠቋሚ ብቻ። ፍላስኩ ንጹሕ ቢሆን በአንድ ሁለት ጠብታ ቤዝ ሮዝ መሆን ነበረበት። እምቢ አለ። ጠብታው ወረደ፣ ወረደ፣ ፈሳሹ ቀለም ሳይዝ ቀረ። ቀጥላ ሌላ ፍላስክ በተጣራ ውኃ ደጋግማ አለቅልቃ አሲዱን እንደገና ለካች። ያን ጊዜ እኔ መስኮት መስኮቱን አይ ነበር፤ ቢዩሬቱን ለማየት ድፍረት አልነበረኝም።

ልጆቹ ሲያጨበጭቡ ነው የዞርሁት። ሱፐርቫይዘሩ ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከፈሳሹ ጋር እኩል አድርገው አነበቡ። አሥር።

"ሎሚውን ለዓሣ አድርጊው፣ ልጄ" አሏት።

በረንዳው ላይ ስሸኛቸው ለርዕሰ መምህሩ "ይህን ክፍል አትንኩት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የመጀመሪያውን ንባብ ከተቀመጥሁበት አይቼው ነበር። አሥር ብትለኝ ኖሮ ሁለተኛውን አልጠብቅም፤ ተነሥቼ እሄድ ነበር።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

ላቡ ዛሬም ላብ ነው፤ እኔም ዛሬም እፈራለሁ። አዲስ ለሚገቡ መምህራን የምነግራቸው ይህን ነው፦ ፍላስክ በመጨረሻ የሚለቀለቀው በተጣራ ውኃ ነው። ተማሪ ያነበበውን ቁጥር ይናገር፤ ለምን እንደዚያ እንደመጣ ከዚያ በኋላ ይፈለጋል።