አጎቴን ላሳክም ታምሜ

እኔ እንኳን አረቄ ጠላም አልቀምስም። ባለፈው ክረምት ግን የአረቄ ሱሰኛ ሆኜ ሆስፒታል ሄጃለሁ።

አጎቴ ጋሽ ካሳ እዚሁ ላሊበላ የእንጨት መስቀል እየቀረጹ ለቱሪስት የሚሸጡ ሰው ናቸው። ጠዋት አረቄ ካልቀመሱ እጃቸው መሮ አይይዝም። በጾሙ በራሳቸው ለማቆም ሞክረው አንዘፍዝፎ ጣላቸው። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስንላቸው ግን "እኔ ምን ሆንኩና!" ብለው ይቆጣሉ። ቢቸግረኝ፣ "ጋሼ፣ መጠጡ አልለቅ ብሎኛል፤ ሐኪም ቤት ያድርሱኝ" አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና ጋቢያቸውን አነሱ።

ሐኪሟ ምን እንደሚሰማኝ ስትጠይቀኝ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ጠዋት ጠዋት ያንቀጠቅጠዋል፤ ላብ ያጠምቀዋል። የሌለ ሰው ሲጠራው ይሰማል። ያቆመ ጊዜማ ወድቆ ተንፈራገጠ!"

እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ሐኪሟ በሐዘኔታ አየችኝ።

"ሰውነትህ መጠጡን ለምዶታል። በአንዴ ብታቆም ሊገድልህ ይችላል። እዚህ ተኝተህ፣ መድኃኒት እየወሰድክ፣ እኛም እየተከታተልንህ ነው የምታቆመው።"

"እንዲያ ከሆነ አይሞትም?" አሉ አጎቴ።

"በክትትል ከሆነ ይድናል፣ አባቴ። በል ወንድሜ፣ ጫማህን አውልቅና አልጋው ላይ ውጣ።"

አሁን ምን ብዬ ላምልጥ? ላቤ መጣ። ሐኪሟ ይሄንንም ከምልክቶቹ ቆጠረችው መሰለኝ፣ ክንዴን ያዘችኝ። ይሄኔ አልጋው ሲንቋቋ ሰማን። ዞር ስንል አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው ተጋድመዋል።

"ልጁን ተዪው፣ የእኔ ልጅ" አሏት። "እሱ ጠጥቶ አያውቅም። ገና ከቤት ስንወጣ ገብቶኛል፤ ስለ ራሴ ማውራቱ ቢያሳፍረኝ ነው በእሱ ያሳበብኩት።"