የሰው ፉከራ

ልጅ ሳለሁ ሰርግ የምናፍቀው ለድግሱ ወይም ለሙሽራዋ አልነበረም፤ ለመሰንቆው ነበር። ከጥምቀት በኋላ በመንደራችን በኮሶዬ ዳስ በተጣለ ቁጥር፣ አዝማሪው ገና ጭራውን ሲቃኝ ከእናቴ እጅ አምልጬ ፊቱ ቁጭ እላለሁ። ያኔ ጣሊያን ከወጣ ብዙ አልቆየም፤ ከእስክስታው መሃል አንዱ አርበኛ ብድግ ብሎ ይፎክራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ዳሱ ይናጣል። ሰው የሚፎክረው ግን በሠራው ብቻ ነው። አብረውት የዘመቱት እዚያው ቁጭ ብለው ይሰሙታላ!

እኛ ቤት ፉከራው ምድጃ ዳር ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ቸኮል አብሮን ይኖር ነበርና፣ ሲመሽ ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆሰ፣ ጉም ውስጥ በደረቱ ተስቦ የጣሊያንን መትረየስ እንዴት ዝም እንዳሰኘ ያወጋናል። የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ አልነሳም። ጋቢውን ወገቡ ላይ እንዴት እንዳጠበቀ፣ ከጉሙ ማዶ ወታደሩ ሲያስል እንዴት እንደሰማው፣ ሁሉን በቃሌ ይዤው ነበር። ሰርግ ላይ ግን ይኸው ሰው ጥግ ይዞ አንገቱን ይደፋል። እኔ ትሕትና መሰለኝ፤ ይቆጨኝም ነበር።

ከአጥራችን ማዶ እኩያዬ ማንጠግቦሽ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። አባቷ ጥጋቡ ከአያ ቸኮል ጋር ወጥቶ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም። «ለጣሊያን ገብቶ ነው» ይላል ሰዉ። እናቷም ላልተረዳችው ሞት ለቅሶ መቀመጥ አልቻለችም። ስንጣላ እኔ ምን እላት ነበር መሰላችሁ? «የኔ አያ ቸኮል መትረየስ ዝም አሰኘ፤ ያንቺ አባትስ?» ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

የአክስቴ ልጅ ስትዳር፣ ያ የአያ ቸኮል ጥግ መያዝ አላስችል አለኝና ወደ አዝማሪው ጆሮ ጠጋ ብዬ ሁሉን ነገርኩት። ፈገግ አለ፤ መሰንቆውን ከፍ አድርጎ ወደ ጥጉ ዞረ።

«ተነስ አያ ቸኮል፣ ምነው ማቀርቀሩ፣
መትረየስ ዝም ያለው በማን ነው ባገሩ?»

«ተነስ! ተነስ!» አለ ዳሱ በሙሉ። እኔማ በኩራት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። አያ ቸኮል ብዙ ቆይቶ ተነሳ፤ ዱላውን ግን መሬት ላይ ትቶት ነበር። ዓይኑ የጠላ ማሰሮ ይዛ በቆመችው በማንጠግቦሽ እናት ላይ ነበር።

«መሰንቆውን ዝም አሰኘው» አለ አዝማሪውን። «የኔ አይደለም። የጥጋቡ ነው። ሁለታችን ተልከን፣ እሱ ሲሳብ እኔ ፈርቼ ከድንጋይ ሥር ተኛሁ። ጉሙ ገለጥ ሲል ከነመትረየሱ ገደል ሲገባ አየሁት። ስመለስ በጉም ተጠፋፋን ብዬ ዋሸሁ። የሱን ባወጋ፣ አንተስ የት ነበርክ እባላለሁ ብዬ።» ከዚያ ወደ ማንጠግቦሽ እናት አንድ እርምጃ ቀረበ። «እታለም፣ ለጣሊያን አልገባም። አፌን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

የሰደበው የለም። ቢሰድቡት ይሻል ነበር። ሴትዮዋ ማሰሮውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና በሰርጉ መሃል ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቀዘቀች። አዝማሪው ያለ ማንም ትእዛዝ ቅኝቱን ለውጦ ጥጋቡን ያወድስ ጀመር፤ ሴቶቹም ተነሥተው አለቀሱ። አያ ቸኮል በሰው መሃል አልፎ ወጣ። እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ የአዝማሪውን እግር እግር አይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምድጃችን ዳር ወግ ቀረ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ማታ ማንጠግቦሽ መጣች። አያ ቸኮል ሲያያት ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ውጭ ወጣ። በእሱ ቦታ ከፍሙ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባቴን አውጊኝ» አለችኝ። «አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅኳትም። የማውቀው ወጉን ብቻ ነበርና እንደ ለመድኩት ጀመርኩ። «አያ ቸኮል ጋቢውን ወገቡ ላይ አጥብቆ…»

«አባቴ» አለች፣ ቀስ ብላ።

አፍሬ አቀረቀርኩ። እንደገና ጀመርኩ። «አባትሽ ጋቢውን ወገቡ ላይ አጥብቆ፣ ጉሙ ውስጥ በደረቱ ተሳበ…» የወታደሩን ሳል እስክነግራት ድረስ ትንፋሽዋ አልተሰማም።

ዛሬም መሰንቆ በሰማሁ ቁጥር ያ እፍረት ትኩስ ሆኖ ይመለሳል። በአያ ቸኮል ላይ ከፈረድኩት ይልቅ ያዘንኩለት ይበልጣል። ለራሴ ግን ማዘን አልቻልኩም። የአባቷን ጀግንነት ስንት ክረምት እሳት እየሞቅሁ ስሰማ፣ እሷ ከአጥሩ ማዶ ነበረች።